የጉድጓዱ አራተኛ ሰው

«ምስኪን» የምትባለዋን ቃል አልወዳትም። ግራ እግሬን ልምሻ የመታኝ ገና ድክ ድክ ማለት ስጀምር ነው ይላሉ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሌ ቦረና ውስጥ በሄድኩበት ሁሉ ይህች ቃል ቀድማኝ ትደርሳለች። ገበያ ስወጣ «ምስኪን»። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም «ምስኪን»። ከሰው ተጣልቼ ስሳደብ እንኳን «ተዉት፣ ምስኪን ነው» ይላሉ። እስቲ አስቡት! ሰው ተሳድቦ የሚመልስለት ሲያጣ ምን ይባላል?

እንግዲህ አመሌን ካሁኑ እወቁት። የምነግራችሁ በዚህ አመሌ ላይ እያለሁ ስለገጠመኝ ነገር ነው። የሆነው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እኔ ግን ዛሬም ድረስ ከዚያ ከሰዓት አልወጣሁም።

አባቴ ከመንዝ መጥቶ እዚሁ ነገሌ ካምፕ ያገለገለ ወታደር ነበር። እሱም እናቴም ካረፉ በኋላ የቀረችኝ ታላቅ እህቴ ሻኪሶ አግብታ ሄደች፤ እኔ ደግሞ ከከተማው ዳር፣ ደረቁ ወንዝ አጠገብ አባቴ የተወልኝን ቁራሽ መሬት ይዤ ቀረሁ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቃሪያ አለማለሁ። ደንበኞቼ የካምፑ ወታደሮች ሚስቶች ናቸው። በምርኩዝ እየሄድኩ፣ ስኮተኩት ደግሞ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ በቂጤ እየተንፏቀቅኩ ነው የምሠራው። ልምሻው እግሬን እንጂ ክንዴን አልነካውም፤ ክንዴን ያየ ሰው አይታገለኝም።

የአትክልቱ ነፍስ ጉድጓዱ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ የቦረና ሰዎች በራሳቸው ዘዴ የቆፈሩለት ነው። ኤላ ይሉታል እነሱ። የቦረና ኤላ ቀጥ ብሎ አይወርድም። አፉ ሰፊ ነው፤ እየጠበበ ሲወርድ ግድግዳው ላይ ሰው የሚቆምባቸው እርከኖች ይተዉለታል። ከታች ያለው ቀድቶ ከራሱ በላይ ላለው ያቀብላል፣ ያኛው ለቀጣዩ፣ ባልዲው በሰው እጅ እየተሻገረ ላይ ይወጣል። እኔ ብቻዬን ስለሆንኩ ግን በገመድ ነበር የምስበው።

ጎረቤቴ ኦቦ ጉዮ ይባላሉ። ትውልዳቸው ዱብሉቅ በኩል ነው። ጉልበታቸውን የጨረሱት እነዚያ ጥልቅ ኤላዎች ውስጥ ከብት ሲያጠጡ ነው። ድርቅ ከብታቸውን ፈጅቶባቸው፣ የተረፏቸውን ፍየሎች ነድተው ከባለቤታቸው ከዳኪ ጋር ወደ ከተማችን ዳር መጡ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ፍየሎቻቸው ግን ሌቦች ናቸው። ነገሩ በሆነ ዋዜማ አጥሬን ጥሰው ገብተው አንድ መደብ ጎመን ሙልጭ አደረጉት።

«ኦቦ ጉዮ! ፍየሎችዎ ጨረሱኝ እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

እየተዝናኑ መጡና ጎመኑን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አንተ ቅጠል ትዘራለህ። ፍየል ቅጠል ይበላል። ታዲያ ለምን ትቆጣለህ?»

«ለሰው ነው የዘራሁት!»

«ሰው ቅጠል ይበላል?» አሉና ሳቁ። በእሳቸው ሰፈር የሰው ምግብ ወተትና ሥጋ ነው፤ ቅጠል የምግብ ምግብ ነው። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ወደ ጉድጓዱ አጎንብሰው አዩ። «ኤላህ ደለል ሞልቷል። ዝናብ ቀርቧል። ነገ ወርጄ እጠርግልሃለሁ።»

ይቺን ስሰማ ደሜ ፈላ። በጎመኔ ምትክ ደግሞ እርዳታ! «የማንንም እርዳታ አልፈልግም። ፍየሎችዎን ይሰብስቡልኝ፣ ይበቃኛል።»

«ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። ሄዱ።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ምርኩዜን ከጉድጓዱ አፍ ላይ ጣልኩና ባልዲውን በገመድ አውርጄ፣ አጭር ዶማዬን ወገቤ ላይ ሰክቼ በክንዴ እየተንጠላጠልኩ ወረድኩ። ከዚያ በፊትም ወርጄ አውቃለሁ። ደለሉን እየዛቅኩ በልቤ ከኦቦ ጉዮ ጋር ስከራከር፣ ጎኔ ያለው ግድግዳ እንደመተንፈስ አለና ተናደ።

ዓይኔን ስገልጥ ቀኝ እግሬ እስከ ታፋዬ አፈር ውስጥ ነው። ደህናው እግሬ! ልምሾው ከአፈሩ በላይ ተጣጥፎ ቀርቷል። ዕድሜ ልኩን የተሸከመኝ ታሰረና ዕድሜ ልኬን የተሸከምኩት ነፃ ሆነ። ዛሬ ሳወራው እስቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አልሳቅሁም። አፈሩን በእጄ ዛቅኩ። ግን የት ልጣለው? ቦታው ጠባብ ነው፤ የዛቅኩት ሁሉ ተንከባሎ እኔው ላይ ይመለሳል። ዶማዬ ከሥሬ ተቀብሯል። ቀና ስል ሰማዩ በክብረ መንግሥት በኩል ጠቁሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእኛ ደረቅ ወንዝ ደረቅ የሚባለው ላይኛው አገር ዝናብ እስኪጥል ድረስ ነው። እዚህ አንዲት ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ድንገት ከተፍ ይላል። ጉድጓዴ ደግሞ ከወንዙ ዳር ነው።

ጮህኩ። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። መልስ የለም፤ የገበያ ቀን ነው፣ ሰው ሁሉ ገበያ ወጥቷል። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። ብቻ በመጨረሻ ከላይ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

«ደምሴ! ኧረ ደምሴ! ቆስጣ አለህ?»

አስቴር ናት፣ የሃምሳ አለቃ ታረቀኝ ሚስት። የዘወትር ደንበኛዬ ናት።

«እዚህ ነኝ! ጉድጓዱ ውስጥ!»

ምርኩዜን አይታ መጣችና ፊቷን ብቅ አደረገች። «በስመ አብ! ምን ልታደርግ ገባህ?»

«ለሽርሽር ነዋ! አስቴር፣ እግሬ ተቀብሯል። ሰው ጥሪ።»

«ታረቀኝን እደውልለታለሁ። ኦቦ ጉዮ ይቀርባሉ፣ ፍየል ሲጠብቁ አሁን አልፌያቸው ነው የመጣሁት፣ መጀመሪያ እሳቸውን...»

«እሳቸውን አትጥሪ!»

«ለምን?»

«ትናንት ተጣልተናል።»

«ድንቄም!» አለች። «አፈር ውስጥ ሆኖ የሚኮራ ሰው ዛሬ አየሁ።» እየሮጠች ሄደች።

ኦቦ ጉዮ መጥተው አፋፉ ላይ በደረታቸው ተኙና አዩኝ። መጀመሪያ ያሉት ምን ይመስላችኋል?

«ናጋ?»

ሰላም ነህ ወይ ማለታቸው ነው። ቦረና ሰላም ሳይል ወሬ አይጀምርም። እኔም አፌ ለምዶ «ናጋ» አልኩ። እስከ ታፋው ተቀብሮ «ሰላም ነኝ» ያለ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ሃምሳ አለቃ ታረቀኝ ከካምፑ ገመድ ተሸክሞ እየሮጠ ደረሰ። ፈርጣማ ሰው ነው፣ ነገር ማርዘም አይወድም። ገመዱን ወርውሮልኝ በብብቴ ሥር አሰርኩት። «በል ጠበቅ አድርገህ ያዝ!» አለና ከነሙሉ ክብደቱ ወደ ኋላ ተደገፈ። ወገቤ ከእግሬ የሚለይ መሰለኝ። እሪ አልኩ። እግሬ ነቅነቅ አላለም፤ ገመዱ ግን የጉድጓዱን አፍ እየገዘገዘ ሌላ አፈር ናደብኝ። አሁን እስከ ወገቤ ሆነ።

«አቁም!» ኦቦ ጉዮ የታረቀኝን እጅ ያዙ። «ገመድ አፉን ይበላዋል። ከጎተትክ ኤላው በሙሉ ይወርድበታል።»

«ታዲያ ምን ይሁን? ከካምፕ ልጆች ላምጣ?»

ነጎድጓዱ ጮኸ። ሦስቱም ወደ ሰሜን አዩ። እኔ ሰማዩን ትቼ የሦስቱን ፊት ነበር የማየው፤ ያየሁት ነገር ደስ አላለኝም።

«ጊዜ የለም» አሉ ኦቦ ጉዮ። ከዚያ ኤላውን ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ለኩት። ቦረናዎች ኤላን በሜትር አይለኩም፤ በሰው ነው። ውሃውን ለማውጣት ስንት ሰው መደራረብ አለበት? መለኪያው ይኸው ነው። «ይሄ አራት ሰው ነው» አሉ።

«እኛ ሦስት ነን» አለ ታረቀኝ። «አስቴርን ከቆጠርናት።»

«ለምን አልቆጠርም?» አለች አስቴር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ጨርሳለች።

«አራተኛው ውስጥ አለ» አሉ ኦቦ ጉዮ። በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«እኔ?» አልኩ። «እኔ ተቀብሬያለሁ እኮ!»

«እጅህ ተቀብሯል?»

«አልተቀበረም።»

«እንግዲያ ሙላ።»

ይኸው ነው። «አይዞህ» የለ፣ «ምስኪን» የለ። ሙላ! ኦቦ ጉዮ እንደ ዝንጀሮ እየተንሸራተቱ ከራሴ በላይ ያለው እርከን ላይ ደረሱ፤ ታረቀኝ ከእሳቸው በላይ ቆመ፤ አስቴር አፋፉ ላይ ቀረች። አፈሩን በባልዲዬ ሞልቼ ወደ ላይ አነሳሁት። ኦቦ ጉዮ ተቀብለው ለታረቀኝ፣ ታረቀኝ ለአስቴር፣ አስቴር ራቅ አድርጋ ትደፋዋለች። ባልዲው ላይ እስኪደፋ፣ አስቴር ከመደቡ ዳር ያነሳችው አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ደግሞ ባዶውን በሌላው ጎን ይወርድልኛል።

መጀመሪያ ተደነባበርን። አንዱን ባልዲ ታረቀኝ ሳይቀበለው ተለቀቀና አፈሩ ፊቴ ላይ ተመለሰ። ያኔ ነው ኦቦ ጉዮ መዝፈን የጀመሩት።

«ኦቦ ጉዮ! እየሞትኩ እኮ ነው! ዘፈን?»

«ያለ ዘፈን ባልዲ አይወጣም» አሉኝ። «እኔ ስጠራ አንተ ትመልሳለህ። ስትመልስ ታነሳለህ።»

ቃሉን አላውቀውም። እሳቸው አንድ ነገር ይጠራሉ፣ እኔ «ሆ» እላለሁ፣ ታረቀኝ «ሆ» ይላል፣ አስቴር ከላይ በቀጭን ድምፅ ትከተላለች። እመኑኝ፣ ነገሩ ተስተካከለ። «ሆ» ስል እጃቸው ራሴ ላይ ነው። ባዶው ጀሪካን እጄ የሚዘረጋበት ቦታ ላይ ልክ ይደርሳል። ከእኔ እጅ ካልተነሳ ከላይ ያሉት ሁሉ ባዶ እጃቸውን ይቆማሉ፤ ስዘገይ ዘፈኑም ይዘገያል፣ ስፈጥን ይፈጥናል። በሕይወቴ ሙሉ ሰው ሲሠራ ዳር ተቀምጬ አይቻለሁ፣ ወይ ብቻዬን ሠርቻለሁ። ሰው የእኔን እጅ ሲጠብቅ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ፍርሃቴ አልጠፋም፤ ግን ሥራ ነበረኝ።

አፈሩ ከወገቤ ወረደ። ታፋዬ ታየ። ጉልበቴ ሊወጣ ሲል አስቴር «ሆ» ማለቷን አቆመች።

«ድምፅ ይሰማኛል» አለች። ከዚያ ጮኸች፤ «ጎርፉ! ታረቀኝ፣ ጎርፉ መጣ! መታጠፊያው ላይ ነው!»

እኔም ሰማሁት። ከሩቅ የጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው።

«ውጡ!» አልኩ። «ታረቀኝ፣ ልጆች አሉህ! ኦቦ ጉዮ፣ ይውጡ በእናትዎ!»

ታረቀኝ ወደ ታች አየኝ። ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ፤ ከኦቦ ጉዮ ግን ያችው ቃል ወጣች።

«ሙላ።»

ከላይ ቀጭን የጭቃ ውሃ በግድግዳው ላይ ወረደ። ሞላሁ። «ሆ።» ውሃው እግሬ ሥር ተጠራቀመ። ሞላሁ። «ሆ።» አለቀልኝ ስል፣ ሊገድለኝ የመጣው ውሃ አፈሩን አረጠበውና እግሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነቅነቅ አለ። ልምሾውን እግሬን ግድግዳው ላይ አቀናሁት። ምንም ጉልበት የለውም፤ ግን እንደ እንጨት ተወጥሮ ቆመልኝ። በሁለት እጄ እርከኑን ይዤ ስቤ ስቤ ቀኝ እግሬ ከጫማው ወጣ። ጫማዬ እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ኦቦ ጉዮ በእጃቸው ብብቴን ያዙና ልክ እንደ ባልዲው ለታረቀኝ አቀበሉኝ። እኔም በክንዴ እየሳብኩ ተረፍኩ እንጂ ሬሳ ሆኜ አልተጎተትኩም፤ ይህን ደጋግሜ ብናገር አትፍረዱብኝ። አስቴር በሸሚዜ ኮሌታ ስባ አፋፉ ላይ ጣለችኝ። አራታችንም ከአፋፉ ተንፏቅቀን ራቅ እንዳልን ቡናማው ውሃ ጉድጓዱን ሞላና አልፎ መደቦቼን ጠረገ። ጎመኔ፣ ካሮቴ፣ ቃሪያዬ፣ ሁሉም ተንሳፍፎ ሲሄድ አየሁት። ፍየሎቹ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆመው ይመለከታሉ።

ከእኛ ሁሉ ቀድሞ ያለቀሰው ሃምሳ አለቃ ታረቀኝ ነው።

ማምሻውን ኦቦ ጉዮ ቤት ተኝቼ ባለቤታቸው ዳኪ ትኩስ ወተት ሰጡኝ። አሁን ትመጣለች አልኩ፣ ያቺ ቃል። ኦቦ ጉዮ አጠገቤ ቁጭ አሉ፣ ቆጣ ብለዋል።

«ደምሴ፣ ባልዲውን ግማሽ ግማሽ ነበር የምትሞላው።»

«ምን?»

«ግማሽ! ስትጀምር ሙሉ፣ መሃል ላይ ግማሽ። ሙሉ ብትሞላ ጎርፉ ሳይመጣ እንወጣ ነበር። ሰነፍ ቀጂ መስመር ያደክማል።»

ሳቅሁ። ሳቄ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠብኝ፤ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ምን ላድርግ? ሰው ሥራዬን ሲነቅፈው ያ የመጀመሪያዬ ነው። እስከዚያ ድረስ ምን ብሠራ «ከእሱ ይህም ትልቅ ነገር ነው» ነበር የምባለው።

በቀጣዮቹ ቀናት ሰፈሩ አልጨከነብኝም። ስንዴ ያመጣ አለ፣ ብርድ ልብስ ያመጣ አለ። አስቴር የካምፑን ሴቶች አስተባብራ ምግብ በተራ ታስመጣልኝ ነበር። አመሰግናቸዋለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ተሰብሮ ነበር። ጉድጓዱ ደለል ሆኗል፣ መሬቱ ድንጋይ ለብሷል። ሻኪሶ እህቴ ዘንድ ሄጄ ጓሮዋ ውስጥ ልቀመጥ ብዬ ልብሴን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀጠቅኩ።

ልሄድ ባልኩበት እሑድ ከጉድጓዱ በኩል ዘፈን ሰማሁ። በምርኩዜ እያዘገምኩ ብሄድ ታረቀኝና የካምፑ ልጆች፣ የኦቦ ጉዮ ዘመዶችም ተጨምረው ደለሉን እያወጡ ነው። የተናደውን ጎን ድንጋይ ደርድረውለታል። ኦቦ ጉዮ ቀጥ ያለ በትር ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«ቁጭ በል።»

ተቀመጥኩ። ልምሾውን እግሬን በትሩ ላይ ዘርግተው ከተረከዝ እስከ ጉልበት ለኩና በቢላ ምልክት አደረጉበት። ከዚያ ከጉልበት እስከ ወገብ። እግሬን ሐኪም ለክቶት ያውቃል፤ ራሱን ነቅንቆ ነበር የሄደው። ኦቦ ጉዮ አልነቀነቁም።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ታያለህ። በደንብ እንሠራዋለን።» በትሩን ይዘው ወረዱ።

ከቆይታ በኋላ ጠሩኝ። በክንዴ እየተንጠላጠልኩ ወረድኩ። ከታች፣ ከውሃው በላይ፣ ግድግዳው ተቦርቡሮ መቀመጫ ወጥቶለታል። በግራ በኩል ልምሾው እግሬ የሚያርፍበት ቦይ አለው፣ በቀኝ ደግሞ እጄ የሚይዘው የወይራ እንጨት ተቸክሏል። ተቀመጥኩበት። ልክ ነው። ሰው ሁሉ ከላይ አጎንብሶ ያየኛል።

«ይሄ ለማን ነው?» አልኳቸው። አውቄዋለሁ፣ ግን ከአፋቸው እንድሰማው ፈለግሁ።

«ለቀጂው» አሉ። «ዝናብ ካልመጣ የእኔም ፍየሎች ከዚህ ይጠጣሉ። መስመሩ አራት ሰው ነው። ሦስት አለን። አንተ ሻኪሶ ከሄድክ ማን ይሞላል?»

ሻኪሶ አልሄድኩም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ጎረቤታችሁ አካል ጉዳተኛ ከሆነ ስንዴውን አትከልክሉት፣ ስንዴ ጥሩ ነው። እኔም በልቼዋለሁ። ግን ስንዴውን ሰጥታችሁ ስትመለሱ አንድ ነገር ጠይቁ፤ በመስመራችሁ ውስጥ ይህ ሰው ካልተነሳ የሚቆም ነገር አለ ወይ? ከሌለ ቦታ ቆፍሩለት። እኔን ከጉድጓድ ያወጡኝ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ለዚህ ባለዕዳቸው ነኝ። ሰው ያደረገኝ ግን መልሰው ጉድጓድ ውስጥ ያስቀመጡኝ ቀን ነው።

ዛሬ አመሌ ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም፤ «ምስኪን» ያለኝን አሁንም እሳደባለሁ። የሚገርመው፣ አሁን ሰው ይመልስልኛል። ኦቦ ጉዮ አርጅተዋል፤ እርከናቸው ላይ ልጃቸው ይቆማል፣ እሳቸው ከላይ ሆነው ይጠራሉ። በበጋው ጫፍ፣ ሰማዩ ሲደርቅ፣ እኔ መቀመጫዬ ላይ ሆኜ ስቀዳ የፍየሎቹ ጩኸት ከላይ ይሰማኛል። ጎመኔን የበሉት ናቸው፣ ወይም ልጆቻቸው።

«ፍጠን ደምሴ፣ ጠምቷቸዋል!» ይላሉ ኦቦ ጉዮ።

«ይጠማቸው! ጎመኔን ሲግጡ ማን ፍጠኑ አላቸው?» እላለሁ።

ባልዲውን ግን ሙሉ ነው የማቀብለው።